ቀለበት የሌለው ባንዲራ

ሚጢጢ ቤታችን የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ነው። እኔ ግን ቤቱን ልትወርስ የመጣች ነው የመሰለኝ።

አባቷ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወታደር። ሚስቱ ሚጢጢን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተችበት፣ ወደ ድንበር ሲላክ ልጁን የሚያስጠጋበት ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረውም። ቦት ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ አደራሽን» አላት። እናቴም «ምን አደራ አስፈለገው? ልጄ አይደለች እንዴ!» አለችው። ልጄ! እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት «ልጄ» የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የያዝኩትን ቃል፣ አፍንጫዋን እንኳ በቅጡ ላልጠረገች ልጅ እናቴ በር ላይ ቆማ ሰጠቻት። አጎቴ ጎንበስ ብሎ እኔንም ሳመኝ፤ ጢሙ ወጋኝ። ያን ጊዜ ልብ ያልኩት ግን እሷን የሳማት ከእኔ አብልጦ መሆኑን ብቻ ነው።

እናቴ ባንዲራ ሰፊ ነበረች። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመንግሥት መስፊያ ቤት አለ። ለትምህርት ቤቱም፣ ለፖሊስ ጣቢያውም፣ ለፖስታ ቤቱም የሚሰቀለው ባንዲራ የሚወጣው ከዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ሲግል ቤቱ በሙሉ የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል፤ ከእናቴ ፀጉር ላይ ቀይና ሰማያዊ ብጥስጣሽ ክር ጠፍቶ አያውቅም።

የአገሩን ታሪክ እናቴ የምታውቀው በመተርተር ነው። ባንዲራችን ከላይ ሰማያዊ፣ መሃሉ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነበር፤ ይህን የትኛውም መንግሥት አልነካውም። የሚቀያየረው መሃሉ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነው። እናቴ ሥራ ስትጀምር ወፍ ነበረች፤ ክንፏ ሰማያዊው ላይ፣ እግሯ ቀዩ ላይ። ወፏን ያመጡት ሰዎች ሲወርዱ ወፏም ወረደችና ጥርሳም ጎማ ተተካ። ጎማውም ተራው ደርሶ ሲወርድ ፀሐይ ወጣች። ጨርቅ እንደ ልብ ስለማይገኝ በየለውጡ የሚመጣው ትእዛዝ ያው ነው፤ አሮጌዎቹን ሰብስቡ፣ ምልክቱን ተርትሩ፣ አዲሱን ለጥፉ። ችግሩ፣ ወፏ ስትነሳ ከሥሯ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው አልደበዘዘም። ዙሪያው ገርጥቶ መሃሉ ላይ ደማቅ የወፍ ቅርጽ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ቢያጥቡት አይለቅ፣ ቢተኩሱት አይጠፋ። ስለዚህ ጎማው ከወፏ እንዲበልጥ ተደረገ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከጎማው።

«የሚቀጥለው ሲመጣ ምን ሊለጥፍ ነው? ጨርቁ እኮ አለቀ!» ይል ነበር ጋሼ መዶሻ።

እናቴ ግራ ቀኟን አይታ «አንተ ሰውዬ አፍህን ሰብስብ፤ ልታስበላን ነው» ትለዋለች።

ጋሼ መዶሻ የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራ ሽማግሌ ነበር። ባንዲራው ተሰፍቶና ተተኩሶ ሲያልቅ እሱ ዘንድ ይሄዳል፤ እሱም በመስቀያው እንጨት በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ገመድ የሚያልፍባቸውን የናስ ቀለበቶች በመዶሻ እየመታ ያስገባል። «እኔ ጋ እስኪደርስ ጨርቅ ነው፤ ባንዲራ የማደርገው እኔ ነኝ» እያለ ሰፊዎቹን ያበሽቃቸው ነበር። መዶሻዋን ልጅ አይነካትም። እኔ አንዴ እጄን ብሰድ በማስመሪያ ጣቴን ለብልቦልኛል። መርፌውም እንደዚያው ነው፤ እናቴ «ባንዲራ መጫወቻ አይደለም» ብላ አንድም ቀን አስይዛኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከዚያች መርፌና ከዚያች መዶሻ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም። አንድ ሌላ ነገር ካለ፣ እሱም ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤታችን ሰልፍ ላይ ባንዲራ መስቀል ነው። የባንዲራ ሰፊዋ ልጅ ሆኜ ሳለሁ፣ ላዩንና ታቹን እንኳ የማይለዩ ልጆች ገመዱን ሲያወናክሩ ቆሜ ማየት አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ተራው ያልደረሰኝ ከመምህርታችን ጋር ስለተኳረፍን ነው። አንድ ቀን ስለ ቀለሞቹ ስታስተምረን፣ ሰማያዊው ሰማያችን ነው፣ ነጩ ሰላም ነው፣ ቀዩ ጀግኖች ያፈሰሱት ደም ነው አለች። እኔ እጄን አውጥቼ «ደም አይደለም፣ ቀለም ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል። እማዬ በጨው ነው የምትዘፈዝፈው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አበደ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም ተደረግሁ። ሚጢጢ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ ቀዩን እየቀባች ነበር። አድርባይ ናት አልኩ በልቤ።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመስፊያ ቤቱ አለቃ ወደ ቤታችን መጣ። ይህ ሰው ግቢውን ተሻግሮ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቤት የሚገኝ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን አስጠርተውታል። ከእናቴ ጋር ሦስቱም ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። እኔም ቤት ውስጥ ከኋላው መስኮት ሥር ተለጠፍኩ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ አባዬ።

«ስሙን ራሴ አይቻለሁ» አለ አለቃው።

ከዚያ አባዬ ቀስ ብሎ፣ «እስኪመጣ ድረስ ለልጅቷ እንዳይነገራት። መጀመሪያ ይምጣ» አለ።

«መንገዱ ሲከፈት ያመጡታል» አለ አለቃው።

ከዚያ እናቴ፣ የሷ በማይመስል ድምፅ፣ «ባንዲራውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እጁን አያሳርፍበትም» አለች።

ነገሩ ወለል ብሎ ገባኝ። አጎቴ ሊመጣ ነው! ጀግና ስለሆነ በመንግሥት መኪና ያመጡታል፤ እናቴም በራችን ላይ የሚሰቀል ባንዲራ ልትሰፋለት ነው፤ ሚጢጢ ደግሞ ሳታስበው ደስ እንዲላት ተደብቆባታል። እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ የደስታ እንባ መሰለኝ። ሚጢጢን ከመሬት አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ፀጉሯን ታሸታት ጀመር። እኔ ቆሜ አያለሁ። ማንም ወደ እኔ ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን መናገር አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። እናቴ አጠገብ፣ በግድግዳው በኩል የነበረው የኔ መኝታ ለሚጢጢ ተሰጠ። ቀይ ጫማ ተገዛላት፤ የኔ ጫማ አፉን ከፍቶ እያዩት። አባዬ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ ያለችውን፣ ሁሉ ነገር የሚታይባትን ወንበር ለሷ ሰጥቶ ከተማውን አዞራት፤ እኔ ከተሳፋሪ ጋር ከኋላ ተጋፋሁ። ጎረቤቶቹ ባገኟት ቁጥር እየሳሙ ከረሜላ በኪሷ ይከቱላታል፤ ለኔ «አንቺስ ደህና ነሽ?» ብቻ። ሳህን ስትሰብር እናቴ «እሰይ፣ እንኳን አንቺን አልቆረጠሽ» አለቻት። እኔ በማግስቱ ሆን ብዬ ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ጆሮዬ ላይ የደረሰውን እኔ አውቃለሁ።

አሁን ሳስበው ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ከረሜላ የሚሰጧት ዓይኗን ማየት ስላቃታቸው ነው። ሚጢጢ ዛሬ አዋላጅ ነች፤ የሦስት ልጆች እናት። ባለፈው ዓመት ይህን ሁሉ ቅናቴን አንድ በአንድ ስዘረዝርላት በሳቅ ከፈረሰች በኋላ፣ «እኔ ደግሞ አንቺ ላይ ነበር የምቀናው» አለችኝ። «ለምኑ?» ብላት፣ «እናትሽ ትቆጣሽ ነበር» አለች። «እኔን ማንም አይቆጣኝም። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ እፈራ ነበር።»

የመጨረሻው ምት ከትምህርት ቤት መጣ። አንድ ጠዋት መምህርታችን ሰልፉ ፊት ቆማ ዓይኗን በመሃረብ ጠረገችና «ከዛሬ ጀምሮ ባንዲራውን የምትሰቅለው ሚጢጢ ናት» አለች። ገመዱን ይዛ ስትወጣ ቀይ ጫማዋ ያብረቀርቃል። ጥሩ አድርጋ ሰቀለችው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ሁሉም ልጅ ሲዘምር እኔ አፌን ብቻ ከፈትኩ።

እቤት ስንመለስ ደግሞ የባሰው ጠበቀኝ። እናቴ አልጋዋ ላይ ትልቅ ባንዲራ ዘርግታለች፤ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ጨርቅ፣ እጅ ላይ የሚፈስ። ሚጢጢን አጠገቧ አስቀምጣ መርፌ አስያዘቻት! ያንን እኔ ላንድ ቀን ያልተፈቀደልኝን መርፌ! የቀዩን ጠርዝ እንዴት አጥፋ እንደምትቀመቅም በእጇ እጇን ይዛ ታሳያታለች። የሚጢጢ ስፌት ዘሎ ዘሎ የሚሄድ፣ የዶሮ ኮቴ የመሰለ ነበር። እናቴ ግን አልተረተረችውም።

«መምህርታችን ቀዩ ደም ነው አለችን። የማን ደም ነው?» አለች ሚጢጢ።

«ዝም ብለሽ ስፊ፣ እናቴ» አለቻት እናቴ። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ አፏ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆየች።

«እኔም ልስፋ» አልኩ።

«አንቺ ውጪ።»

«እሷ ለምን ትሰፋለች?»

«ውጪ አልኩሽ! የአንቺ አይደለም!»

እናቴን አርጅታ ከጉልበቷ ከተለያየች በኋላ ስለዚያች መርፌ ጠይቄያታለሁ። «አድጋ ስታስበው በእጇ የሰፋችው ቢሆን ይሻላታል ብዬ ነው» አለችኝ። «ደግሞ ሳታውቅ ነው መስፋት ያለባት። ካወቀች በኋላ እጇ እንዴት ይታዘዝላታል? የኔ ራሱ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።»

ባንዲራው ተሰፍቶ አለቀ፤ ተተኩሶ፣ ታጥፎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ቀኑ እያለፈ ሄደ፤ እናቴ ግን ወደ ጋሼ መዶሻ አልወሰደችውም። ብድግ አድርጌ ጠርዙን አየሁት። አንድም ቀለበት የለውም። እናቴ በዚህች ልጅ ምክንያት ሥራዋን ረሳች ማለት ነው! ደስታዬ ወሰን አጣ። ሚጢጢን ጎትቼ አመጣኋትና፣ የተደበቀውን ደስታ ቀድሜ ላበላሽባት ስለፈለግሁ፣ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

«አባትሽ ሊመጣ ነው። ለአንቺ እንዳይነገር ተብሏል። ይሄ ባንዲራ የሱ ነው፤ ግን ቀለበት የለውም። ቀለበት የሌለው ደግሞ አይሰቀልም። የአንቺ ስፌት ስለሚያሳፍር ነው።»

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ። እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «አባዬ?» አለች። ባንዲራውን ታቅፋ፣ ጫፉን እያስጎተተች ግቢውን ተሻግራ ሮጠች። እኔም ከኋላዋ እየሮጥኩ ተከተልኳት፤ ጋሼ መዶሻ በማስመሪያ ሲላት በዓይኔ ማየት አለብኝ።

ከበሩ ኋላ ሆኜ አየሁ። ሚጢጢ ባንዲራውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «ጋሼ፣ አባዬ ሊመጣ ነው! ቀለበት አስገባልኝ፣ ልንሰቅልለት ነው!» አለችው።

ጋሼ መዶሻ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ። ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። «ማን ነው ይመጣል ያለሽ?» አላት።

«አንተም ታውቃለህ እንዴ?»

«አዎ» አለ። «አውቃለሁ።»

ከዚያ ያደረገውን ሳይ ደሜ ፈላ። ሳጥን ላይ አቆማትና ያቺን ማንም የማይነካትን መዶሻ በእጇ አስያዛት። ትልቅ እጁን በትንሿ እጇ ላይ አድርጎ፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ መቱ። አፍንጫው ጫፍ ላይ እንባ ተንጠልጥሏል። «አቧራው» አለ፤ «ይሄ አቧራ ሊገለኝ ነው።»

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው፤ የሬሳ ሣጥን የሚለብሰው ባንዲራ ቀለበት አይገባበትም። የሚሰቀል አይደለማ። ቀለበት ሣጥኑን ይቧጭራል፣ ተሸካሚዎቹ ሲራመዱም ይንኳኳል። ጋሼ መዶሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን አባቷን ልትቀበል ለቸኮለች ልጅ ቀለበት አይገባም የሚልበትን ምክንያት ከየት ያምጣ? መዶሻውን ቢሰጣት ይቀለዋል፤ ሰጣት።

እናቴ ቀለበቶቹን ስታይ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ግቢውን ተሻገረች፤ እኔም ኋላዋ። አሁን ሚጢጢ የእጇን ልታገኝ ነው።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? አይሆንም አትላትም?»

«ምን ብዬ? አንቺ አፍሽን ሞልተሽ ያልነገርሻትን እኔ ልንገራት?»

«እንዴት ነው አሁን ይሄ የሚነሳው?»

«ቢነሳ ቀዳዳው ይቀራል» አለ ጋሼ መዶሻ።

እናቴ ባንዲራውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሚጢጢን ትጠራታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራቻትም። ማን እንደነገራትም አልጠየቀችም። አልጋው ላይ መልሳ አጠፈችው።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አንድ ጠዋት እናቴ ሚጢጢን እጇን ይዛ ወደ መስፊያ ቤቱ ወሰደቻትና በሩን ዘጋችው። የስፌት መኪናዎቹ በሙሉ ቀጥ አሉ። በመጨረሻ ስለ ቀለበቱ ልትገረፍ ነው ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጩኸቷን ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። በሩ ሲከፈት ግን ሰፊዎቹ ሁሉ እያለቀሱ ነበር። አባዬ እኔን ወደ ጎን ወስዶ ተንበረከከና «አጎትሽ መጥቷል፤ ግን ሞቶ ነው የመጣው» አለኝ። ሞት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድመታችን ሞታለች። የአጎቴ ጢም ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ዞር ስል ሚጢጢን ማን ይዟት እንደነበር ሳይ ግን እንባዬ ደረቀ። እናቴ ነበረች፤ በሁለት እጇ።

መቃብር ቦታው ላይ ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሣጥኑ ከመኪናው ሲወርድ እናቴ ባንዲራውን ራሷ አለበሰችው፤ የዶሮ ኮቴው ስፌት ያለበት ቀይ ጠርዝ በኛ በኩል ሆነ። ወታደሮቹ አንስተው ሲራመዱ ቀለበቶቹ እንጨቱን ቀጭ ቀጭ ያደርጉት ጀመር። አንድ መኮንን ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሚሰቀለው ነው። ለሣጥን የሚሆነው ቀለበት የለውም፤ ደንቡ አይፈቅድም» አላት።

«ቀለበቱን ያስገባችው ልጁ ናት» አለችው እናቴ። «ልትሰቅልለት ነው ያስገባችው። ደንቡን ለሷ ንገራት።»

መኮንኑ ሚጢጢን አየ፤ ቀይ ጫማዋን አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ወታደሮቹ ባንዲራውን አንስተው እጥፍ እጥፍ አደረጉት፤ ፀሐይዋ ከላይ ቀረች። ያ መኮንን ይዞት መጣና ሚጢጢ ፊት በርከክ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣት። ሰዉ ሁሉ እሷን ያያል። ትልልቅ ሰዎች፣ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች፣ መምህርታችን፣ የመስፊያ ቤቱ አለቃ፣ ሁሉም ለሚጢጢ ያለቅሳሉ። ባንዲራው፣ ያ እጅ ላይ የሚፈሰው፣ እናቴ የሰፋችው፣ የሚጢጢ ሆነ። እናቴ ለእኔ አንድም ቀን ባንዲራ ሰፍታልኝ አታውቅም። አባዬ እጄን ይዞ ከጎኔ ቆሟል። እናቴን ቀሚሷን ጎተትኳት።

«የኔስ?» አልኩ።

አልሰማችኝም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እማዬ! ለኔስ መቼ ነው የምትሰፊልኝ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። አባዬ እጄን አጥብቆ ያዘ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። እናቴ አየችኝ፤ ቀጥሎ አባዬን አየችው፣ እላይ እታች፣ የመጣው ሰው እሱ መሆን አለመሆኑን የምታጣራ ይመስል። በጥፊ ልታጮለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ጎትታ ሆዷ ላይ ለጠፈችኝና አፌን በልብሷ አፍና፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችኝ። «አያሰፋኝ! አያሰፋኝ! ለአንቺስ አልሰፋም!» ትላለች።

አልሰፋም ማለቷን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሚጢጢ ቤታችን ከገባች ጀምሮ እንደዚያ አቅፋኝ አታውቅም። አሸነፍኩ። በእናቴ ክንድ ሥር አጮልቄ ሳይ ሚጢጢ ባንዲራውን ታቅፋ ብቻዋን ቆማለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ የምታየው እኛን ነው። እኔም እናቴ የማን እንደሆነች እንዲገባት ብዬ ምላሴን አወጣሁባት።

ሚጢጢ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ፣ ማንም ሳያያት፣ እሷም ምላሷን አወጣችብኝ።